ቤንዚን ሲሸት

እሱ፦ ከገሰራ ወደ ሮቤ ስንመጣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ሸተተን። ሹፌሩ «መስኮት ክፈቱ» ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

እሷ፦ መቆም ነበረበት! ጀሪካን ጭኖ ነበር?

እሱ፦ አልጫነም።

እሷ፦ እንግዲያው ሽታው መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ነው። ነዳጅ እንደተሞላ ብቻ ከሸተተ የሰልባትዮው ክዳንና የመሙያው ጎማ ይታይ። ሞተር ሲነሳ ከበረታ ግን ኮፈኑ ስር ያለው የነዳጅ ቱቦ ያሰጋል። ያኔ ሞተር ይጥፋ፣ ሰው ይውረድ፣ ክብሪት አይጫር።

እሱ፦ ጀሪካን ተጭኖ ከዶሎ መና ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣስ?

እሷ፦ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ጀሪካኑም ይነፋል፣ ትነቱም በላላ ክዳን በኩል ያመልጣል።

እሱ፦ ትነቱ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ፣ ሕፃናት እግር ስር ይተኛል።

እሷ፦ ሹፌሮቻችን፣ እባካችሁ፣ ጀሪካን ተሳፋሪ መሀል አትጫኑ።