መስጂዱ ቀርቶ ጀመዓው እንዳይሄድ
(ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ሰሞኑን እዚህ መርካቶ በየደጁ የሚወራው አንድ ነው፤ «ሰፈሩ ሊነሣ ነው፣ ፎቅ ሊሠራበት ነው»። አንዳንዶቻችን «አልሐምዱ ሊላህ፣ መስጂዱ በፕላኑ ላይ አለ» እያልን እንጽናናለን። አዎ፣ መስጂዱ አለ። እኛ ግን የለንም። ካርታ ግድግዳና ሚናራ ያሳያል፤ ለሱብሂ ቀድመው የሚመጡትን አዛውንት፣ ከመግሪብ በኋላ የሚቀራውን ሕፃን፣ ጀናዛ የሚሸከመውን ጎረቤት አያሳይም። መስጂዱ ቀርቶ ጀመዓው ከተበተነ፣ የቀረልን ሕንፃ ብቻ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅልን። እኛ ፎቅ አንጠላም። ስንት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት እንደሚጠቀም፣ ክረምት ሲመጣ ስንት ቤት እንደሚያፈስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቻችን አግብተው የሚገቡበት ቤት አጥተዋል። የከተማ መሬት አይጨምርም፤ ወደ ላይ መሥራት ምክንያት አለው። የእኛ ጥያቄ «ለምን ይሠራል?» አይደለም። «ሲሠራ ማን ይኖርበታል?» ነው።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ብዙዎቻችን የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ስላልሆንን፣ ሲፈርስ የቤት ካሳ የለንም። የሚቀርብልን ምርጫ ባብዛኛው ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ሲባል ደግሞ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ማለት ነው። ጠዋት ወጥቶ መርካቶ ውስጥ በጉልበቱ ለሚያድር ሰው፣ ደጇ ላይ እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ለምታሳድግ እናት፣ ይህ የቤት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዋም አብሮ ይነሣል። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ጋር በደባልነት የሚኖረው ወንድማችንማ ከመዝገቡም ላይኖር ይችላል።

ሌላም አለ። በ20/80 ፕሮግራም ገዢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው፤ ብድሩም ወለድ አለው። ስለዚህ አንድ ሙስሊም ወይ ቤት አልባ ይሆናል፣ ወይ ሪባ ውስጥ ይገባል። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ዛሬ በሀገራችን አለ። ይህ መንገድ ለተነሺዎች እንዲከፈት መጠየቅ ልዩ ጥቅም መፈለግ አይደለም።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ለመስጂድ የመረጡት ቦታ የሁለት የቲሞች ነበር። በስጦታ ልስጥ ሲባሉ እምቢ ብለው ዋጋውን ከፈሉ። ለአላህ ቤት እንኳን የየቲም ሐቅ ካልታለፈ፣ ለሕንፃ እንዴት ይታለፋል?

የምንጠይቀው በሀገሪቱ ሕግ የተጻፈውን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለሚፈናቀል ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የነዋሪውን ተሳትፎ ይጠይቃል። ፕላኑ ካለቀ በኋላ ሰብስቦ ማስጨብጨብ ተሳትፎ አይባልም።

ስለዚህ ጥያቄዎቻችን አራት ናቸው፦

አንደኛ፣ የአካባቢው ልማት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለነዋሪው በግልጽ ይታይ፤ ስንት ፎቅ፣ ስንት ቤት፣ ለማን የሚለው ይነገረን።

ሁለተኛ፣ ግንባታው በየተራ ይሁን፤ የአዲሱ ቤት ቅድሚያ በአቅማችን ለእኛ ይሰጠን። ልደታ ላይ አሮጌው ሰፈር በነበረበት ቦታ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ በቦታው መሥራት የማይቻል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከወለድ ነፃ የአከፋፈል አማራጭ ይኑር፤ ደባሎችም ይመዝገቡ።

አራተኛ፣ ውሃው፣ ፍሳሹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው በሚጨምረው ሰው ልክ ይታሰብ። መድረሳችንም ከመስጂዱ ጋር በፕላኑ ይግባ።

አሁን ከእኛ የሚጠበቀውን ልናገር። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የኪራይ ውላችሁን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና መታወቂያችሁን ፈልጋችሁ ኮፒ አድርጉ። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ማንበብ የማይችል ካለ የሰፈሩ ወጣት ያንብብለት። ከላይ ያላችሁ እናቶችና እህቶች፣ የየግቢውን ሰው ከእናንተ በተሻለ የሚያውቅ የለምና የምዝገባው ሥራ ያለ እናንተ አይሆንም።

ይህ የሙስሊም ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነም አንርሳ። በእድር አብሮን የሚቀብር፣ አብሮን የሚያለቅስ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ቤቱ እዚሁ ነው። ኮሚቴው የሰፈሩ ሁሉ ኮሚቴ ይሁን። የምንሄደው በደብዳቤ፣ በፊርማና በሰላም ነው። ድንጋይ የሚያነሣ፣ ሰው የሚሰድብ ከእኛ አይደለም፤ ሐቃችንን ለሌላ ምክንያት አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

ፎቁ ይሠራ። ኢንሻአላህ አዛን ሲወጣ ከዚያ ፎቅ ወርደው ወደዚህ መስጂድ የሚመጡት ግን ልጆቻችን ይሁኑ።

አላህ ሐቃችንን ያስከብርልን፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይለያየን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።