ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር)



እንደምታውቁት የእድራችን ማድ ቤት ግድግዳ በጢስና በዘይት ጠቁሯል። ልስኑም እየረገፈ ድስት ውስጥ እስከ መግባት ደርሷል። በመሆኑም ሴራሚክ እንዲለጠፍበት ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። አበባ ያለበት እንዲሆን የመረጡት እናቶች ናቸው። «ለለቅሶ ሥራ አበባ ምን ያደርጋል? ነጩ አይበቃም ወይ?» ያልን ነበርን። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቆመው ወጥ ሲሠሩ የሚያድሩት እነሱ ስለሆኑ የእነሱ ቃል ጸንቷል።

ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ስለ አለጣጠፉ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ክፍል ስናሠራ የሆነውን አንረሳውም። ባለሙያው ከበሩ ጥግ ጀምሮ እየለጠፈ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቦታ አጠረውና አበባው ለሁለት ተቆረጠ፤ መስኮቱ አጠገብ የጣት ስፋት ያላት ስንጣሪ ገባች። እስከ ዛሬ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያችው ላይ ነው። ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም፤ አስቀድመን ያልለካነው እኛም ነን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሴራሚክ እኮ ከደረቀ በኋላ አይለቀምም፤ ሲነሣ ይሰበራል።

ስለዚህ አሁን ለክተናል። ግድግዳው ወርዱ 3 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ሴራሚክ 20 በ20 ሲሆን፣ አራቱ ሲገጥሙ አንድ አበባ ይወጣቸዋል። በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከጥግ ብንጀምር 15 ሙሉ ይገባና 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስንጣሪ ይተርፋል። ያው ያለፈው ስሕተት ነው። ከመሀል ብንጀምር ግን 14 ሙሉ፣ ማለት ጎን ለጎን 7 ሙሉ አበባ ይቆማል። በግራና በቀኝ እኩል 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቁራጭ ይገባል። የግድግዳው መሀልም የአራተኛው አበባ እምብርት ላይ ይውላል።

ቁመቱ 6 ረድፍ ስለሆነ በጠቅላላው 21 ሙሉ አበባ ይኖረናል። የሚያስፈልገው ከነቁራጩ 96 ሴራሚክ ነው፤ ለሚሰበረው 10 ጨምረን 106 እንግዛ። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑም ይታይ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ሊለያይ ይችላል።

ከዚያ የግድግዳውን ልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሥምረን ሴራሚኩን ያለ ሲሚንቶ እንደረድራለን። አበባው እየዞረ ስለሚገጥም፣ አንዱ ከተገለበጠ እዚያው ይታወቃል። ሁሉም ሲስተካከል በየጀርባው ተራ ቁጥር ይጻፍበታል። የሲሚንቶ መደርደሪያው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል፣ የመጀመሪያው ረድፍ በውሃ ልክ በተሠመረ መሥመር ይነሣ እንጂ በመደርደሪያው አይታመን።

እናቶች ደግሞ የጭልፋ መስቀያውና ማብሪያ ማጥፊያው የት እንደሚሆን አስቀድመው ያሳዩን፤ ኋላ አበባው መሀል ሚስማር እንዳይመታ።

ድርደራው ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ቅር ያለው ሰው ያን ዕለት መጥቶ ወለሉ ላይ ያለውን አይቶ ይናገር፤ ማዞርም መለወጥም ይቻላል። ሲሚንቶ ከተቦካ በኋላ ምክር አይሰማም። ገንዘቡ ከየጓዳችን የተዋጣ ነው፤ ለዚሁ ግድግዳ ሁለተኛ እናዋጣ ብለን ፊታችሁ መቆም አንፈልግም።



የእድሩ ጸሐፊ