የምጽዋ ዋና መንገድ በድሮ ፖስት ካርዶች
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



የሒሳቡ ሪፖርት ካለቀ በኋላ ቡናው እስኪደርስ ድረስ ጥቂት እንድንናገር ስለተፈቀደልን በቅድሚያ እናመሰግናለን። እኛ ስንል ቀድሞ በምጽዋ ወደብ በጽሕፈትና በመጋዘን ሥራ ላይ ቆይተን በ1980 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረን እዚህ ሠፈር የገባነው ነን። አራት ነበርን፤ አሁን ሦስት ነን። ይህን ጽፎ እንዲያነብ የተመረጠው የእጅ ጽሑፉ ይነበባል ተብሎ ነው እንጂ ትምህርቱስ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስሕተት ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዳችን ልጅ ሮም ነው የምትኖረው። አምና ለፋሲካ ስትመጣ፣ እዚያ በየእሑዱ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ የገዛቻቸውን አሥራ አንድ ፖስት ካርዶች በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ አመጣችልን። የሰው ልጅ ውስኪ ያመጣል፣ የኛዪቱ ወረቀት አመጣች ብለን ሳቅን። ቆርቆሮው ሲከፈት ግን ሳቁ ቀረ። ሁሉም የምጽዋ ናቸው።

እንደ መዝገብ ሠራተኛ መጀመሪያ ያየነው ጀርባቸውን ነው። ከካርዶቹ አራቱ ጀርባቸው ላይ የአድራሻ ቦታ ብቻ እንጂ መልእክት የሚጻፍበት የላቸውም። እ.ኤ.አ. እስከ 1906 ገደማ ድረስ በጀርባው መልእክት መጻፍ ክልክል ስለነበረ፣ ሰው ሰላምታውን የሚሞነጫጭረው በሥዕሉ ላይ ነው። በአንደኛው ካርድ ላይ አንድ የኢጣልያ ወታደር ሰማዩን በሙሉ በጽሑፍ ሞልቶታል። ልጅቱ አንብባ ስትነግረን፣ ስለ ሙቀቱ ያማርርና እናቱን ደብዳቤ ለምን አትጽፊም ይላል። በሙቀቱ እንኳ አልዋሸም። ምጽዋ የኖረ ያውቀዋል፤ ሌሊት አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነበር የምንተኛው።

ኢጣልያኖች ምጽዋን የያዙት በ1877 ዓ.ም. ነው። ፎቶ አንሺም አብሮ መጣ። ከነዚያ ውስጥ ሉዊጂ ናሬቲ የሚባለው ምጽዋ ላይ ስቱዲዮ ከፍቶ ነበር። ይህ ሰው ለዐፄ ዮሐንስ የመቀሌውን ዙፋን የሠራው የአናጢው የጃኮሞ ናሬቲ ዘመድ ነው። እንግዲህ አንዱ በእንጨት፣ አንዱ በመስተዋት፣ ሁለቱም ከኛ አገር ጋር ሥራ ነበራቸው።

አሁን መንገዱን አብረን እንሂድ። ምጽዋን ለማታውቁ፣ ከተማዋ ሁለት ደሴት ናት፤ ጥዋለትና ዋናዋ ምጽዋ፣ ባላገሩ ባጽዕ የሚላት። ከየብስ ወደ ጥዋለት ረጅም፣ ከጥዋለት ወደ ባጽዕ አጭር፣ በባሕር ላይ በድንጋይ የተሞላ መንገድ አለ። ያሠራው ሙንዚንገር የሚባል፣ ለግብፅ መንግሥት ያገለግል የነበረ የስዊስ ሰው ነው፤ ዘመኑም በኛ አቆጣጠር 1860ዎቹ ውስጥ ነው። የምኩሉን ውሃም ወደ ከተማው ያስገባ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሰው በጀልባ ነበር የሚሻገር። ከካርዶቹ ሦስቱ ይህንኑ መንገድ ያሳያሉ። በአንደኛው የባቡር ሐዲድ ይታያል፤ ሐዲዱ ከምጽዋ ተነሥቶ አሥመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። እኛ በነበርንበት ጊዜ ባቡሩ በጦርነቱ ምክንያት ቆሞ ነበር። የወደብ ወዛደር ንጋት ላይ ከዕዳጋና ከሕጡምሎ ተነሥቶ በዚህ መንገድ በእግሩ ሲጎርፍ፣ ግራና ቀኝ ባሕሩ ገና ብርማ ሆኖ፣ የእግሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማ። ይህን የሚያሳይ ካርድ ግን አንድም አላገኘንም።

አጭሩን መንገድ ተሻግሮ ወደ ገበያው ሲገባ መንገዱ ይጠባል። ቤቶቹ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከፎቁ ላይ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ፣ እንደ ወንፊት የተቦረቦረ የእንጨት መስኮት አላቸው፤ ዐረቦቹ መሽረቢያ ይሉታል። ነፋሱን ያስገባል፣ የቤቱን ሰው ግን ለመንገደኛ አያሳይም። ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ከመጡ በኋላ የገባ አሠራር ነው ሲባል ሰምተናል። በቆዩት ካርዶች ላይ ይህ መስኮት በየቤቱ አለ። በኋለኞቹ ላይ ግን ጥቂት ነው፤ በብዙው ቦታ ቀስት ያለው የበረንዳ ዐምድ ተተክቷል። ምክንያቱ በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ብዙው ቤት ፈርሶ ኢጣልያኖቹ እንደገና ሠሩት። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ስታደርጓቸው አንዱ ማዕዘን አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሌላ ነው። እንዲያውም ያንን ማዕዘን ለይተን ለማወቅ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተከራክረናል።

ሌላም ያስተዋልነው ነገር አለ። በብዙዎቹ ካርዶች ላይ መንገዱ ጭር ያለ ነው። አገሩን ያላየ ሰው በዚህ ከተማ ሰው አልነበረም እንዴ ሊል ይችላል። ለኛ እንደሚመስለን ፎቶ አንሺው ብርሃን ፈልጎ በቀትር ይወጣል፤ በቀትር ደግሞ ምጽዋ ላይ ከፎቶ አንሺ በቀር ማንም ደጅ የለም! ሕዝቡ ጥላ ውስጥ ተኝቷል። ማታ ቢመጣ ኖሮ መርገጫ አያገኝም ነበር። የመናውያኑ ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ቀብተው ከጭቃ ምድጃ ሲያወጡት፣ ሽታው መንገዱን ሞልቶት ነበር የሚያመሽ። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ ስንዴ ሲገባ ሌሊትም ቀንም ጆንያ እየቆጠርን፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ እየጻፍን፣ ከሥራ ስንወጣ ያቺን ዓሣ ባናገኝ ምን እንሆን እንደነበር እንጃ።

የካርዶቹ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ባንኩ ስም አለው፣ ሆቴሉ ስም አለው፣ መንገዱም መትከያውም ስም አለው። ሰው ሲሆን ግን የአገሬው ሰው፣ የአገሬው ሴት፣ ውሃ ተሸካሚ፣ ብቻ ነው። አንዲት እናት እንስራ ይዛ ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ ታያለች። ስሟ ማን ነበር? የጻፈ የለም። ለሳንቲም ተሸጣ በባሕር ተሻግራ ሄዳለች፤ እነሆ መቶ ዓመት አልፏት በብስኩት ቆርቆሮ ተመለሰች።

በዚህ ተቆጥተን ነበር። ቀጥሎ የምንናገረው ግን በራሳችን ላይ ነው።

ዘጠነኛው ካርድ ከሁሉ አዲሱ ነው፤ ባለ ቀለም፣ በንጉሡ ጊዜ የተነሣ። ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ፊያት ቆማለች፣ ከበረንዳው ሥር ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወረቀት በብብቱ ይዞ ቆሟል። አራተኛችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሁላችንም በፊት በ1955 ዓ.ም. ምጽዋ የገቡት ጋሼ፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ካርዱን አስጠግተው አዩና «ውይ! ሚዛን ቤት የነበረው!» አሉ። ስሙን ከነአባቱ ጠሩት። ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ ብለው ስለ ሠርጉ አጫወቱን። እኛም እየሳቅን ሰማን። ቡና ጠጣን። ወደየቤታችን ሄድን።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጋሼ ዐረፉ። ድንኳኑን የተከላችሁ እናንተው ናችሁ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈለው። በሠልስቱ ዕለት የእኅታቸው ልጅ የወጣትነት ፎቶ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን፤ ሃያ አምስት ዓመት እዚያ ሠርተው አንድም አልተገኘም። ያን ጊዜ ነው ዘጠነኛው ካርድ ትዝ ያለን። የሰውየው ስም ግን ጠፋብን። አንዳችን ተስፋይ ነው ይላል። አንዳችን የለም፣ ኃይለ ብለው ነው የጀመሩት ይላል። ሦስተኛው አባቱን ብቻ ያስታውሳል፣ እሱንም አይምልበትም። ሦስት ጸሐፊዎች! ዕድሜያችንን በሙሉ የተቀደደ ጆንያ ሳይቀር ስንመዘግብ ኖረን፣ እርሳስ ከኪሳችን ሳለ፣ አልጻፍነውም።

ከተማዋም በካርዱ ላይ እንዳለችው አይደለችም። የካቲት 1982 ዓ.ም. በውጊያ ተያዘች፣ ከዚያም በኛው አውሮፕላኖች ተደበደበች። ጉልላት ያለው የጥዋለቱ ቤተ መንግሥትና ባንኩ ክፉኛ ተጎዱ። እኛ ይህን የሰማነው እዚሁ ሆነን በሬዲዮ ነው። አሁን ምጽዋ የኤርትራ ከተማ ናት። ያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ልጆች ካሉት ምናልባት እዚያው ይኖራሉ፤ አባታቸው ሮም ገበያ ላይ ሲሸጥ እንደነበረ አያውቁም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። የዕድራችን መዝገብ ስማችንን ይዟል፣ ፎቶ የለውም። በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ፎቶ አለ፣ ስም የለውም። ይህ ሠፈራችንም ነገ እንዴት እንደሚሆን አናውቅም፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ የዚህን መንገድ፣ የጠበሉን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የለቅሶና የሠርግ ፎቶ ያላችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕድሩ ጸሐፊ አምጡልን። ኮፒ አድርገን በሳምንቱ እንመልሳለን። እትዬዎችና ጋሼዎች ስም ሲጠሩ እኛ እንጽፋለን። በጀርባው የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ ቢክ ወደ ፊት ይወጣና ፊት ያበላሻል።

ካርዶቹ ቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። በጫፋቸው ያዙልን። ዘጠነኛውን ለብቻው አድርገነዋል። ከመካከላችሁ ምጽዋ የነበረ ወይም ዘመድ የነበረው ካለ፣ እባካችሁ ያንን ሰው እዩልን። እርሳሱ አጠገቡ ነው።