ኪኒኑ በነፃ፣ መንገዱ በብር



ስለ ካይኔዝ ላወራችሁ ነው ስል የባዮኬሚስትሪ ፈተና ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። አይዟችሁ፣ ዛሬ ፈተና የለም።

ካይኔዞች ፎስፌትን ከኤቲፒ ወስደው ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፉ ኢንዛይሞች ናቸው። በሰው አካል ውስጥ ከ500 በላይ ዓይነት አሉ። ሴሉ «እደግ፣ ተከፈል፣ በቃህ» የሚለውን ትእዛዝ ከሚሰማባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ከመካከላቸው ኤቢኤል የተባለው ታይሮሲን ካይኔዝ በጤነኛ ሴል ውስጥ ልጓም አለው። የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ግን ቢሲአር ከሚባለው ጋር ይጣበቅና ልጓሙን ይጥላል። ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ ይበዛል። ሲኤምኤል የምንለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ በዚህ ካይኔዝ ላይ የኤቲፒን መቀመጫ ይይዝበታል። ቶሎ የጀመሩና ሳያቋርጡ የሚውጡ አብዛኞቹ ታካሚዎች ሥራቸውን እየሠሩ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በአገራችንም መድኃኒቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል፣ በዕርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? መንገዱ ላይ ነዋ! ከሞጣ የተነሳ ገበሬ ቢቸናንና ደጀንን አልፎ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። ኪኒኑ በነፃ ቢሆንም ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ ከኪሱ ነው። አጨዳ ሲደርስ ወይም ብር ሲያጥር ይቀራል። ሰውነቱ ስለበረታ «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆምም አለ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ካይኔዙ ተመልሶ ይነሳል፤ በሽታው ኪኒኑን የሚቋቋምበት ጊዜም አለ።

በቢቸናና በሞጣ ለምትሠሩ ታናናሾቼ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ ያበጠ ጣፊያ ሁሉ የወባ አይደለም፤ ሲቢሲ እዘዙ፣ የደም ስላይዱንም ራሳችሁ እዩት። ሁለተኛ፣ ኪኒኑን የጀመረ ሰው ለሌላ ሕመም እንኳ ቢመጣ «አባባ፣ ኪኒንዎን እየዋጡ ነው? ስንት ቀርዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

መምህራኖቻችንና ማኅበራችን ደግሞ፣ የደም ቆጠራው እዚያው ተሠርቶ ውጤቱ በስልክ ለስፔሻሊስቱ የሚደርስበትን መንገድ ብናመቻች፣ ታካሚው አባይን የሚሻገርበት ጊዜ ይቀንሳል። አዲስ ማሽን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት እርስ በርስ እንድንደዋወል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዛሬው ስብሰባ የተሻለ ጊዜ አናገኝም።