የታመመች ዶሮን ስለ ማስታመም

(በመረዳጃ ማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ በጤናና ጽዳት ንዑስ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። «ለዶሮ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በዚህ ሠፈር ሦስትና አራት ዶሮ በጓሮው የማያረባ ቤት ጥቂት ነው። እንቁላሉ ለልጅ ቁርስ ይሆናል፣ ተሸጦም የደብተርና የጨው መግዣ ይሆናል። የሀገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ስለሆነ፣ አንዲት እናት ሁለት ዶሮ ሞተውባት ማለት የዓመቱ የእጅ ገንዘቧ ሄደ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ዶሮ አጥር አታውቅም። በአንዱ ግቢ የታመመችው ከሌላው ግቢ ዶሮ ጋር አንድ ቆሻሻ ላይ ስትጭር ትውላለች። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ሳይሆን የሁላችንም ነው።

በመጀመሪያ መታመሟን በጊዜ ማወቅ ያሻል። ጠዋት በር ሲከፈት ከቆጥ የማትወርድ፣ ጥሬ ሲበተን ሌሎቹ ሲሽቀዳደሙ እሷ ራቅ ብላ የምትቆም፣ ላባዋን ነፍታ ዐይኗን ጨፈን የምታደርግ ዶሮ ታማለች። ያን ጊዜ ያዝ አድርጎ መመርመር ነው። ደረቷን በእጅ ዳበስ ስናደርገው አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ሕመሙ የሰነበተ ነው። ክንፏን ገልጦ፣ ከጅራቷ ሥርም ላባውን ከፈት አድርጎ ቅማል መኖሩን ማየት፤ ኩሷንም መመልከት ይገባል።

አሁን ወደ ማስታመሙ እንምጣ።

አንደኛ፤ ወዲያውኑ ለብቻዋ ትደረግ። ሰፋ ያለ ቅርጫት ወይም የካርቶን ሣጥን ይበቃል። ከሥሩ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፍና በየቀኑ ይቀየር። የምትጠጣበትና የምትበላበት ዕቃ ከሌሎቹ የተለየ ይሁን። ጤነኞቹን አስቀድሞ መመገብ፣ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ማየት፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ሕፃናት አቅፈው እንዳይስሟት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የዶሮ ኩስ ሰውንም የሚያሳምም ተሕዋስ ይይዛልና።

ሁለተኛ፤ ትሙቅ። ጤነኛ ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ነው፤ ከኛ ይበልጣል። ስትታመም ያንን ሙቀት ለመጠበቅ ያላት ኃይል ሁሉ ያልቃል፣ ላባዋን የምትነፋውም ለዚህ ነው። ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኗ ማስቀመጥ ወይም ነፋስ የማይገባበት ጥግ መፈለግ ይረዳታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ለዶሮዋም ለሰዉም አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፤ ውኃ ታግኝ። የታመመች ዶሮን ከረሀብ ይልቅ ጥም ይቀድማታል። ለሚያስቀምጣት ዶሮ፣ ለሕፃናት ተቅማጥ የምናውቀውን ማለት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ለአንድ ሁለት ቀን መስጠት ይቻላል። ጨው ሲበዛ ዶሮን ይመርዛልና ከልኩ አይለፍ። ራሷ መጠጣት ካቃታት በምንቃሯ ጠርዝ ጠብታ ጠብታ እያደረጉ ማንጠብጠብ እንጂ አፏን ከፍቶ መጋት አይገባም። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሆነ የተጋተው ውኃ ሳንባዋ ገብቶ ይገድላታል።

አራተኛ፤ ለስላሳ ምግብ ትቅመስ። የተቀቀለ እንቁላል ፍርፍር አድርጎ፣ ወይም ፉርሽካ በለብታ ውኃ አርሶ በትንሽ በትንሹ ማቅረብ ነው። የተረፈውን ሳይኮመጥጥ ማንሳት ይገባል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለየትኛውም ሕመም የሚበጅ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሕመሙን መለየት ይመጣል።

ቅማል የወረራት እንደሆነ መድኃኒቱ ቅርብ ነው። ነፍሶ የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅሎ እንድትታጠብበት ማድረግ፣ ከክንፏ ሥር በእጅ መነስነስ፣ የቆጡንም ስንጥቅ በፍል ውኃ ማጠብ ነው። ባለፈው ክረምት ከግቢዎቻችን በአንዱ «እትዬ፣ ይቺማ አልቆላታል፣ በጊዜ ቢላ ይግባባት» የተባለላት ቀይ ዶሮ ነበረች። ባለቤቷ እምቢ ብለው ለይተው ቢያዩአት ክንፏ ሥር ቅማል ሞልቷል። አመድ፣ ውኃና እንቁላል ሳይቋረጥባት በ9ኛው ቀን ከቅርጫቱ ዘልላ ወጣች። ከወር በኋላም እንቁላል ጀመረች።

ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካሳዩ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታ ነው። እርጥብ መኝታ ያራባዋል። አምፕሮሊየም የተባለ መድኃኒት አለው፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይነግረናል፣ መኝታውን ማድረቅ ግን የኛ ሥራ ነው።

ዐናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና በዐይኗ ዙሪያ ቅርፊት ያለው ቁስል ከወጣባት የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ትንኝም ያስተላልፈዋል። ቁስሉን አዮዲን እየቀቡ፣ ዐይኗ ከተሸፈነ ምግቡን አፏ ድረስ እያቀረቡ ቢያስታምሟት ብዙዎቹ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ይድናሉ።

አራተኛውና ክፉው ፈንግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለታየ በሳይንስ ስሙ የኒውካስል በሽታ ይባላል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ ማለክለክ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የእግርና የክንፍ መስነፍ ምልክቶቹ ናቸው። ክትባት ያላገኘ ቤት ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ምግብ ላይ ጣል ማድረግ ክፋት ባይኖረውም ፈንግልን አያቆምም። አረቄና በርበሬ መጋት ደግሞ ያንቃታል። ለሰው የተሰጠ ካፕሱል ከፍቶ ውኃዋ ላይ መበተንም ቫይረሱን አይነካ፤ መድኃኒቱ ግን በእንቁላሉ አድርጎ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል።

አሁን ደግሞ በግልጽ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። በሠፈራችን ዶሮ ስታምም ሁለት ነገር ይደረጋል። አንዱ ቶሎ ብሎ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ነው። ሌላው የሞተችውን ማታ ማታ ከወንዝ ዳር መጣል ነው። የሸጠው ሰው ችግሩ እንዳስገደደው እናውቃለን፣ ልንወቅሰው አልተነሣንም። ነገር ግን ያች ዶሮ በበዓል ዋዜማ ተገዝታ በሌላ በር ተመልሳ እዚሁ ሠፈር ትገባለች። የተጣለችውንም ውሻ እየጎተተ በየግቢው ያዳርሳታል። ኋላ «የማን ዶሮ አመጣብን?» እየተባለ ጎረቤትና ጎረቤት ይኳረፋል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተሉትን አራት ነገሮች ያሳስባል።

1. ዶሮው የታመመበት ሰው ለጎረቤቱ ይንገር። የነገረውን ሰው «አንተ ነህ ያመጣህብን» ማለት ይቅር፤ እንዲህ ከተባለ ነገ ማንም አይናገርም። የታመመች ዶሮ አትሸጥ፣ ታርዳም አትበላ።

2. ከገበያ የገባች አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ሳትቀላቀል ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ለበዓል የተገዛችም ብትሆን እስክትታረድ ከጓሮ ዶሮዎች ትለይ።

3. የሞተች ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር፣ ኖራ ወይም አመድ ይደረግባት። ማደሪያዋም ተጠርጎ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በውኃ በተበጠበጠ በረኪና ይጽዳ። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ካለቀ ሳይነኩ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ነው።

4. የፈንግል ክትባት በጋራ እናስከትብ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዐይን ጠብታ የሚሰጥም አለው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ ሳይቆይ ማለቅ አለበት። ስለዚህ አምስት ዶሮ ያለው ሰው ለብቻው ቢገዛ ኪሳራ ነው፤ ሠላሳ ቤት ቢተባበር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድንም። ኃይል ለማግኘትም እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈልግ ከዝናብና ከበዓል ገበያ በፊት መቅደም አለብን። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃም አይደለም፤ በየስንት ወሩ እንደሚደገም ባለሙያው ይነግረናል።

ዶሮ ያለው ሁሉ ብዛቱን ለየግቢው ተጠሪ ያስመዝግብ። ቀኑ ሲቆረጥ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ዶሮ በምሽት ቆጥ ላይ ስለምትያዝ ሥራው ከ12 ሰዓት በኋላ ይሆናል፤ ወጣቶቻችን ባትሪ ይዘው እየዞሩ አያያዙን እንዲረዱ ከወዲሁ እንጠይቃለን። ለመክፈል አቅም የሌላቸው አረጋውያን ድርሻ በምን እንደሚሸፈን ዛሬ እዚሁ ተመካክረን እንድንወስን ጉዳዩን ለጉባኤው አቅርበናል።



የጤናና ጽዳት ንዑስ ኮሚቴ