የከባድ ብረቶችን አዮኖች በሚያበሩ ናኖ ቅንጣቶች ስለ መመርመር



በመጠጥ ውሃ ውስጥ በጥቂቱ የሟሟ እርሳስ ወይም ሜርኩሪ በዓይን አይታይም፤ በሽታም አይለይም። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ለእርሳስ 10፣ ኢንኦርጋኒክ ለሆነው ሜርኩሪ 6 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል አነስተኛ መጠን በትክክል ለመለካት ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ያሻል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ለሚያለማው ገበሬ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው።

በናኖ ቅንጣቶች ላይ ተስፋ የተጣለውም ስለዚህ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የካርቦን ቱቦዎች ሲጣሩ በአጋጣሚ የተገኙት የካርቦን ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር ያነሱ ሲሆኑ፣ ሲትሪክ አሲድን ናይትሮጅን ካለበት ውህድ ጋር በማሞቅ ሊሠሩ ይችላሉ። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። የሜርኩሪ አዮን በገጻቸው ላይ ሲያርፍ ግን ብርሃን ይሆን የነበረው ኃይል በሌላ መንገድ ይባክናል፤ ፍካታቸውም ይደበዝዛል። ሽተርንና ፎልመር እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጡት ቀመር መሠረት፣ የመጀመሪያው ፍካት ለቀሪው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከአደብዛዡ መጠን ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል።

ይሁን እንጂ ፍካትን የሚያደበዝዘው ሜርኩሪ ብቻ አይደለም። በውሃው ውስጥ የሟሟ ፌሪክ ብረት ጨረሩ ቅንጣቱን ሳይነካ አስቀድሞ ይውጠዋል፤ እኛም ብረቱን ሜርኩሪ ብለን እንመዘግባለን። ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ስሕተት ነው። ይኸውም ሜርኩሪው ከክሎራይድ ወይም ከበሰበሰ ዕፀዋት ከሚመነጭ ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ቅንጣቱን ሳይነካ ሊቀር መቻሉ ነው። በዚያን ጊዜ መሣሪያው ፈክቶ ይታያል፤ ሰውም የተመረዘውን ውሃ በእምነት ይጠጣል።

ስለሆነም በተጣራ ውሃ የተገኘን ውጤት ለወንዝ ውሃ ማስረጃ አድርገን ልናቀርበው አይገባም። የታወቀ መጠን ያለው ሜርኩሪ በዚያው በወንዙ ውሃ ናሙና ላይ ጨምረን ጭማሪው በትክክል መነበቡን እንፈትን። አንዱ ቀለም ሲደበዝዝ ሌላው ሳይለወጥ የሚቆይባቸውን ባለ ሁለት ቀለም ቅንጣቶች እናስቀድም። ከናሙናዎቹ ከፊሉን በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ እናመሳክር። እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኙት ኳንተም ነጥቦች ብዙዎቹ ካድሚየም ያዘሉ ስለሆኑም፣ መርዝ ፍለጋ ሄደን መርዝ እንዳንጥል እንጠንቀቅ።

መሣሪያው ርካሽ መሆኑ መልካም ነው፤ መሐንዲሱ ግን ስሕተቱን ሳይለካ ወደ ገበሬው እጅ ሊያሻግረው አይገባውም።