ማሞ ወልዴ ከሜልቦርን በኋላ

ከአጠና ተራ፣ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል ተነስታችሁ ጎህ ሳይቀድ የምትሮጡ የኮልፌ ቀራኒዮ ልጆች፣ ዛሬ ስለ ማሞ ወልዴ አወጋችኋለሁ። ድሉን ሰምታችኋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከድሉ በፊት ያለፈው ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ልትወዳደር ሜልቦርን ስትሄድ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር ማሞ አብሮ ሄደ። የሮጠው ምን ይመስላችኋል? 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትር እና የ4 በ400 ዱላ ቅብብል። በአንዱም ከማጣሪያ አላለፈም። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ማሞ ከቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

እስቲ አስቡት። የጦር ክፍል ባልደረባችሁ በአንድ ምሽት ስሙ ዓለምን ሲያዳርስ፣ እናንተ በማግሥቱ ያንኑ ልምምድ ትቀጥላላችሁ። ማሞ ቀጠለ። ርቀቱንም ቀየረ፤ የ800 ሜትሩ ሰው የረጅም ርቀት ሯጭ ሆነ። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። ስምንት ዓመት ለፍቶ፣ አሁንም ያለ ሜዳሊያ ነው።

ከዚያ የ1968ቱ ሜክሲኮ ሲቲ መጣ። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመውና ማሞ ብር አገኘ። በሳምንቱ ለማራቶን ተሰለፈ። ሁሉም የሚጠብቀው አበበን ነበር፤ አበበ ግን እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወጣ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው፣ ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ፣ እስኪደርስ ከሦስት ደቂቃ በላይ አለፈ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና፣ አየሩ ነው የረዳው የሚሉ አሉ። አዎ፣ ረድቶታል። ነገር ግን ከደጋ አገር የመጣው እሱ ብቻ አልነበረም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋትን አየር አይተካውም። ለታዳጊዎቻችን ስለ ማሞ ስንነግራቸው ከሜክሲኮ ሳይሆን ከሜልቦርን ብንጀምር እወዳለሁ።

በ1972 ሙኒክ ላይ ዕድሜው 40 ነበር። እንደገና ማራቶን ሮጠ፤ ከአሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርና ከቤልጅጉ ካረል ሊስሞንት ቀጥሎ ገብቶ ነሐስ ወሰደ።